ውጭ አገር ከኤቲኤም ገንዘብ ሳወጣ ይህ ሁሉ ክፍያ ከየት መጣ?

መንገደኛው፦

ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር ግራ ገብቶኛልና የሚያውቅ ይርዳኝ። በቅርቡ ለሥራ ውጭ አገር ደርሼ ተመልሻለሁ። እዚያ እያለሁ በዴቢት ካርዴ ከኤቲኤም ገንዘብ አውጥቼ ነበር። አንዱን ከኤርፖርቱ ማሽን፣ ሌላውን መሀል ከተማ ካለ የባንክ ማሽን። አሁን የሂሳብ መግለጫዬን ሳየው የተቆረጠው ያወጣሁት ብቻ አይደለም። አንድ መስመር ላይ «የውጭ ግብይት ክፍያ» ይላል። ሌላው ላይ «የገንዘብ ማውጫ ኮሚሽን» ይላል። ይባስ ብሎ ከኤርፖርቱ ያወጣሁት ራሱ ከጠየቅኩት በለጥ ብሎ ነው የተመዘገበው።

የገረመኝ ግን ምንዛሪው ነው። ከሁለቱም ማሽን ያወጣሁት እኩል መጠን ነው፣ ቀኑም ያው ነው፣ ካርዱም ያው ነው። የኤርፖርቱ ግን በጣም ተወዶ ነው የመጣው። ባንኬ ደውዬ ስጠይቅ «ይሄ የእኛ አይደለም፣ የማሽኑን ባለቤት ይጠይቁ» አሉኝ። የማሽኑን ባለቤት የት አባቴ ላግኘው?

በቅርቡ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ልወጣ ነው። ዴቢትም (ከሂሳቤ ቀጥታ የሚቆርጠው) ክሬዲትም (ባንኩ አበድሮኝ ኋላ የምከፍለው) ካርድ አለኝ። በየትኛው ላውጣ? በአንዴ ብዙ ማውጣት ይሻላል ወይስ ትንሽ ትንሽ? ወይስ ነገሩን ሁሉ ትቼ ጥሬ ገንዘብ ይዤ ልሂድ?

ቆጣሪው፦

ወንድሜ፣ ባንክህ የነገረህ ግማሹን ነው። ካርድ ክፍል ሠርቼ ስለማውቅ ልዘርዝርልህ። አንዴ ካርድህን ማሽን ውስጥ ስትከት ኪስህ ውስጥ እጁን የሚሰድ ብዙ ነው።

መጀመሪያ የማሽኑ ባለቤት አለ። ካርድህ የሌላ ባንክ ስለሆነ «በማሽኔ ተጠቅመሃል» ብሎ ቋሚ ክፍያ ይጠይቅሃል። ሁሉም አያስከፍልም፣ የሚያስከፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት መጠኑን ስክሪኑ ላይ ያሳይህና ትስማማለህ ወይ ይልሃል። ከተስማማህ ክፍያው ካወጣኸው ጋር ይደመርና እንደ አንድ ሂሳብ ሆኖ ነው ባንክህ ጋ የሚደርሰው። «በለጥ ብሎ ተመዘገበ» ያልከው ይሄ ነው፣ የራሱ መስመር የለውም። አልስማማም ብለህ ካርድህን ብታወጣ ለማሽኑ ባለቤት አንዲት ሳንቲም አትከፍልም። ሌላ ማሽን መፈለግ ነው።

ቀጥሎ የካርድ መረቡ ይመጣል፣ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ። የዚያን አገር ገንዘብ ወደ ሂሳብህ ገንዘብ የሚመነዝሩት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ያማርራል፣ ግን እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ትንሹን የሚጎዱህ እነሱ ናቸው። ተመናቸው ትልልቅ ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ብዙም አይርቅም። ሁለቱም ድረ ገጻቸው ላይ ማስሊያ አላቸው። ቀኑን፣ ሁለቱን የገንዘብ ዓይነቶችና ባንክህ የሚጨምረውን መቶኛ ታስገባለህ፣ ስንት መሆን እንደነበረበት ይነግርሃል። የመሀል ከተማውን በዚያ አመሳክረው፣ ተቀራራቢ ሆኖ ታገኘዋለህ። አንድ ነገር ግን ልብ በል። የሚያዘው ተመን ሂሳቡ የተሠራበት ቀን እንጂ ማሽኑ ፊት የቆምክበት ቀን ላይሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስልክህ ላይ የሚመጣው ቁጥርና ኋላ መግለጫው ላይ የሚሰፍረው ትንሽ ቢለያዩ አትደንግጥ።

ከዚያ ያንተው ባንክ። እሱ በሁለት ስም ነው የሚመጣው። የውጭ ግብይት ክፍያ የሚለው መቶኛ ነው፣ በብዙ ባንኮች ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። የገንዘብ ማውጫ ኮሚሽን የሚለው ደግሞ ወይ ቋሚ ነው፣ ወይ መቶኛ ሆኖ «ከዚህ በታች አይወርድም» የሚል ወለል አለው። አንዳንድ ባንክ አንዱን ብቻ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ምንም አያስከፍሉም። ስለዚህ «የእኛ አይደለም» ያሉህ እነዚህን ሁለት መስመሮች ከሆነ ተሳስተዋል። የእነሱ ነው፣ የታሪፍ ሰንጠረዣቸው ላይም አለ።

የኤርፖርቱ ምንዛሪ ግን ሌላ ጉዳይ ይሸታል። ማሽኑ «በራስህ አገር ገንዘብ ላስላልህ?» ብሎ ጠይቆህ ነበር?

መንገደኛው፦

እግዜር ይስጥልኝ ቆጣሪው። አዎ፣ እንደዚያ ዓይነት ነገር መጥቶ ነበር። በራሴ ገንዘብ ስንት እንደሚቆረጥ በትልቁ ጽፎ «ተመኑ የተረጋገጠ ነው» ይላል። አረንጓዴውን ነካሁ። ምን ችግር አለው? ስንት እንደሚቆረጥብኝ ቀድሜ ማወቄ ጥሩ አይደለም እንዴ?

ካርታ አንባቢዋ፦

ቆጣሪው ይቅርታ፣ ይሄን ለእኔ ተውልኝ፣ እንደዚህ ነገር የሚያናድደኝ የለም።

መንገደኛው፣ ዲሲሲ ይሉታል፣ ሲዘረዘር ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርድህን ስታስገባ ማሽኑ የየት አገር ካርድ እንደሆነ ከቁጥሩ ያውቃል። ከዚያ ምንዛሪውን ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ከመተው ይልቅ ራሱ ሊሠራልህ ያቀርባል። በራሱ ተመን ማለት ነው። ያ ተመን ላይ ጭማሪ አለበት፣ ጭማሪውን የማሽኑ ባለቤትና ምንዛሪውን የሚሠራለት ድርጅት ይካፈሉታል። እኔ ስክሪን ላይ ከ10 በመቶ በላይ ጭማሪ ሳይ እዚያው ሰርዤ የሄድኩባቸው ማሽኖች አሉ።

«የተረጋገጠ» ያለህ አልዋሸም። የተረጋገጠ ነው፣ የተረጋገጠ ውድ። «ያለ ኮሚሽን» የሚሉም አሉ፣ ኮሚሽኑን ተመኑ ውስጥ ቀብረውት።

ቁጥሩን እይ። 300 ዩሮ አወጣህ እንበል። የማሽኑ ጭማሪ 9 በመቶ ቢሆን 27 ዩሮ ሄደ። እምቢ ብለህ በዚያው አገር ገንዘብ ብታወጣና ባንክህ 2 በመቶ ቢያስከፍልህ 6 ዩሮ ነው። ልዩነቱን የከፈልከው የራስህን አገር ገንዘብ ስም ስክሪን ላይ ለማየት ነው።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ምንጊዜም ያለህበት አገር ገንዘብ ይቆረጥ በል። ስክሪኑ ላይ «ዲክላይን ኮንቨርዥን» (ምንዛሪውን አልቀበልም) ወይም «ኮንቲኒው ዊዝአውት ኮንቨርዥን» (ያለ ምንዛሪ ቀጥል) የሚለውን ፈልግ። አንዳንዱ ማሽን ተንኮለኛ ነው። መቀበያውን አረንጓዴ አድርጎ በትልቁ ያስቀምጠዋል፣ እምቢታውን ደግሞ ግራጫ አድርጎ ጥግ ላይ ይከተዋል። እምቢ ስትል ሌላ ስክሪን ያመጣና «እርግጠኛ ነህ? ተመኑ ሊለወጥብህ ይችላል» ብሎ ያስፈራራሃል። አሁንም እምቢ በል። «ዲክላይን» የሚለው ቃል ገንዘብ ማውጣቱን ራሱ የሚሰርዝ መስሎት ፈርቶ የሚቀበል ሰው ብዙ ነው። አይሰርዝም። የሚሰረዘው ምንዛሪው ብቻ ነው፣ ገንዘብህ ይወጣል። ገንዘቡን ሳይሰጥህ ካርድህን ከመለሰልህም ጥሩ፣ ሌላ ማሽን ጋ ሂድ።

ኤርፖርት፣ ባቡር ጣቢያና ቱሪስት የሚበዛበት መንገድ ላይ ያሉት የግል ድርጅት ማሽኖች በዚህ የታወቁ ናቸው። ባንክ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ የተተከለ ማሽን ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ዲሲሲ ሊያቀርብልህ ይችላል፣ ብቻ ዓይንህን ግለጥ። ሱቅና ሆቴል ላይም ያው ነው። የመክፈያ ማሽኑ ይጠይቃል፣ አንዳንዴ ሻጩ ላንተ መርጦልህ ይጨርሰዋል። ደረሰኙ ላይ የራስህን አገር ገንዘብ ካየህ ከመፈረምህ ወይም ፒንህን ከማስገባትህ በፊት «ሰርዘህ በእናንተ አገር ገንዘብ ሥራው» በለው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው ደንብ፣ ከሚያዝያ 2020 ወዲህ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ማሽኖች ጭማሪያቸውን ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር አነጻጽረው በመቶኛ እንዲያሳዩ ተገደዋል። ስለዚህ እዚያ ከሆንክ መቶኛውን ፈልገህ አንብብ። እኔ ያንን ቁጥር ካየሁ በኋላ ነው ይበልጥ የተናደድኩት።

ጠርጣራው፦

ካርታ አንባቢዋ «ምንጊዜም» ማለትሽ ትንሽ በዛ። ባንኬ ለውጭ ግብይት 4 በመቶ ይቆርጣል። ማሽኑ 3 በመቶ ብሎ ካሳየኝ ለምን አልቀበልም? አንድ በመቶም ትርፍ ነው።

ካርታ አንባቢዋ፦

ጠርጣራው፣ ሒሳቡ ልክ የሚሆነው ባንክህ የሚያስከፍልህ በገንዘቡ ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ባንኮች ግን የሚያዩት ማሽኑ ያለበትን አገር ነው። በራስህ ገንዘብ ቢመነዘርም ማሽኑ ውጭ አገር እስከሆነ ድረስ 4 በመቷቸውን ይቆርጣሉ። ያኔ ሁለቱንም ከፈልክ ማለት ነው፣ 7 በመቶ። ውልህን ገልጠህ «በውጭ አገር ገንዘብ የተደረገ» ይላል ወይስ «ውጭ አገር የተደረገ» የሚለውን እይ። ሁለተኛው ከሆነ ስሌትህ አይሠራም።

ጠርጣራው፦

እሺ አየሁት። «ከአገር ውጭ የሚደረግ ማንኛውም ግብይት» ነው የሚለው። ዝም ብያለሁ።

ጥሬው ይሻለኛል፦

እናንተ ሰዎች ይሄን ሁሉ ከምትጨነቁ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ብትሄዱስ? ከቤት ዶላር ወይም ዩሮ ይዞ መውጣት፣ ሲደርሱ መመንዘር። ማሽን የለ፣ ስክሪን የለ፣ ዲሲሲ የለ።

ቆጣሪው፦

ጥሬው፣ መመንዘሪያ ቤቱም እኮ አይጾምም። ግድግዳው ላይ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ሁለት ቁጥር አለ። የሁለቱ ልዩነት ነው ትርፉ፣ «ኮሚሽን ዜሮ» ብሎ ቢለጥፍም ያው ነው። ኤርፖርት ውስጥ ያሉት ደግሞ ከሁሉም የከፉ ናቸው። ዶላር ይዘህ ሄደህ ወደ ሦስተኛ ገንዘብ ስትመነዝር ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የምትቆረጠው፣ ዶላሩን ስትገዛና ዶላሩን ስትሸጥ።

መጠኑም ገደብ አለው። ወደ አሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ፣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ደግሞ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ የሚገባ ሰው ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት። ገደቡ ገንዘብ መያዝ ይከለክላል ማለት አይደለም፣ ሳይናገሩ መያዝ ነው ጣጣው። ብዙዎቻችን ያን ያህል አንይዝም፣ ግን ቤተሰብ ሙሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ ሲያጠራቅም ይደርሳል።

ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ከጠፋ ጠፋ። ካርድ ቢጠፋ ስልክ ደውለህ ታዘጋዋለህ። ለመጀመሪያው ቀን የሚሆን ትንሽ ይዞ መሄዱን ግን እደግፋለሁ። ተርበህ፣ ደክመህ፣ ሻንጣ እየጎተትክ የመጣህ ቀን ነው ያገኘኸው ማሽን ላይ ያገኘኸውን አረንጓዴ የምትነካው።

ጥሬው ይሻለኛል፦

ካርድም እኮ ቅዳሜ ማታ ቢጠፋ ስልክ የሚያነሳ ላይኖር ይችላል። ለማንኛውም እኔ በያዝኩት እቀጥላለሁ።

መንገደኛው፦

ኧረ እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር። ዲሲሲው ገብቶኛል፣ ከእንግዲህ ያንን አረንጓዴ የሚነካ እጅ የለኝም። ክሬዲት ካርዱስ? ሰዎች «ክሬዲት ካርድ ለጉዞ ይሻላል፣ ሲጠቀሙበት የሽልማት ነጥብም ይሰጣል» ይሉኛል። እሱን ኤቲኤም ላይ ልጠቀምበት?

ዕዳ ጠል፦

እንዳታደርገው! ሱቅ ላይ ለመክፈል ሌላ ነገር ነው፣ ለዚያ ክሬዲት ካርድ ጥሩ ነው፣ በተለይ የውጭ ግብይት ክፍያ የሌለው ከሆነ። ኤቲኤም ላይ ግን ዓይነቱ ይለወጣል። ዕቃ ስትገዛበት እስከ መክፈያው ቀን ድረስ ያለ ወለድ የመቆየት ዕድል አለህ፣ ሙሉውን በጊዜው ከከፈልክ ወለድ የለም። ጥሬ ገንዘብ ስታወጣበት ግን የሚቆጠረው እንደ ጥሬ ብድር ነው። በአብዛኞቹ ካርዶች ላይ ወለዱ መቁጠር የሚጀምረው ካወጣህበት ቀን ነው፣ የችሮታ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። የወለዱ መጠንም ብዙ ጊዜ ለግዢ ከሚከፈለው ይበልጣል። ከላዩ ላይ የብድር ማውጫ ክፍያ አለ፣ 3 ወይም 5 በመቶ የሚያስከፍሉ የተለመዱ ናቸው፣ ወለልም አላቸው። የውጭ ግብይት ክፍያውንና የማሽኑን ክፍያ እዚያ ላይ ጨምርበት። ነጥቡንም ቢሆን ብዙዎቹ ለጥሬ ገንዘብ አይሰጡም።

ሌላ ደግሞ፣ ኤቲኤም ባትነካም እንደ ጥሬ ብድር የሚቆጠርብህ ነገር አለ። በክሬዲት ካርድ መመንዘሪያ ቤት ሄደህ የውጭ ገንዘብ ብትገዛ፣ የቁማር ቤት ጠጠር ብትገዛ፣ ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው የሚያዩት። መግለጫው ሲመጣ ነው ሰው የሚጮኸው።

የግድ ካስፈለገህ፣ ዴቢቱ ጠፍቶ ወይ ተዘግቶ ማለቴ ነው፣ አውጣና መግለጫ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን በስልክህ መልሰህ ክፈለው። ክፍያው አይቀርልህም፣ ወለዱን ግን ታሳጥረዋለህ።

ቆጣሪው፦

ዕዳ ጠል ያለው ትክክል ነው። አንድ ብልሃት የሚሉት አለ፣ ቀድሞ ክሬዲት ካርዱ ላይ ትርፍ ገንዘብ ማስገባት። ወለዱን ሊያስቀር ይችላል፣ ማውጫ ክፍያውን ግን በብዙ ባንክ አያስቀርም። ደግሞ ትርፉን እንደገና ለማስመለስ መከራ ነው። ዴቢት እያለህ አትልፋ።

አሁን ወደ «በአንዴ ወይስ ትንሽ ትንሽ» ጥያቄህ። እዚህ ላይ የታሪፍ ሰንጠረዥህን ሳታይ ማንም ሊመልስልህ አይችልም፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው ክፍያዎችህ ቋሚ ናቸው ወይስ መቶኛ በሚለው ላይ ነው። የማሽኑ 5፣ የባንክህ ቋሚ ኮሚሽን 3፣ የውጭ ግብይት 2 በመቶ ነው እንበል። 50 ብታወጣ ክፍያው 9 ነው፣ 18 በመቶ ሄደ ማለት ነው! 400 በአንዴ ብታወጣ 16 ትከፍላለህ፣ 4 በመቶ። ያንኑ 400 በ50 በ50 ከፋፍለህ ብታወጣው 72 ይደርሳል። በተቃራኒው ማሽኑ ነጻ ሆኖ ባንክህ 2 በመቶ ብቻ ከሆነ የሚቆርጠው፣ በአንዴም አወጣኸው በአሥር ጊዜ ያው ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያወጣህ ኪስህን አታሳብጥ።

የወለሉ ነገር ደግሞ ሰው የማያስተውለው ነው። «3 በመቶ፣ ቢያንስ 5» ካለ፣ ከ167 ገደማ በታች ባወጣህ ቁጥር ከ3 በመቶ በላይ ነው የምትከፍለው። 5 ልክ 3 በመቶ የሚሆነው 167 ገደማ ላይ ነው።

ኪስ አውላቂ ፈሪ፦

ሂሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን 400 ኪስህ ውስጥ ይዘህ በማታውቀው ከተማ መዞር ምን እንደሚመስል ሒሳቡ ውስጥ የለም። እኔ ለተወሰነ ክፍያ ብዬ እንቅልፍ አላጣም። ደግሞ ያልጨረስከው ገንዘብ ሲተርፍ መልሰህ ስትመነዝር ሌላ ኪሳራ ነው። ሳንቲሙን ደግሞ ማንም አይመነዝርልህም።

ካርታ አንባቢዋ፦

ኪስ አውላቂ፣ እሱም እውነት ነው። እኔ የማደርገው ካርድ የሚቀበል ቦታ ሁሉ በካርድ መክፈልና ጥሬ ገንዘብን ለማይቀበለው ብቻ መተው ነው። በካርድ ስትከፍል የማሽን ክፍያና የማውጫ ኮሚሽን የሚባል ነገር የለም፣ የውጭ ግብይቱ ብቻ ነው። ያኔ የሚያስፈልግህ ጥሬ ገንዘብ ራሱ ይቀንሳል። ያወጣሁትንም ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ካረፍኩበት ክፍል እተወዋለሁ።

መንገደኛው፣ ሁለት ካርድ ያዝና ለየብቻ አስቀምጣቸው። ማሽን ካርድ ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ባንኩ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ ከቅርንጫፉ በር አጠገብ ካለ ማሽን አውጣ። ከዋጠብህ ወዲያው ትገባለህ።

ሌላ ምክር፣ እዚያ ሆነህ ቀሪ ሂሳብህን በማሽን አትጠይቅ። የሚያስከፍሉ ባንኮች አሉ፣ በስልክህ ማየት እየቻልክ ለምን? አንዳንዶቹ እንዲያውም ማሽኑ እምቢ ሲልህ፣ በቂ ገንዘብ የለም ወይም ገደብ አለፈ ሲል፣ ለእምቢታው ያስከፍላሉ። ከመሄድህ በፊት የዕለት ገደብህን እወቅ፣ ካርዱ ለውጭ አገር መከፈቱንም አረጋግጥ። ብዙ ባንኮች ዘግተው ነው የሚሰጡት፣ ስልክህ ላይ የሚከፈት ቁልፍ አለው ወይም ደውለህ ታስከፍታለህ።

አዲስ ገቢ፦

የብዙ አገር ገንዘብ በአንድ ላይ ስለሚይዙ ካርዶችስ ምን ትላላችሁ? እንደ ዋይዝና ሬቮሉት ያሉ ድርጅቶች የሚሰጧቸው። ጓደኞቼ «ምንም አይቆርጥም» ይላሉ።

ቆጣሪው፦

አዲስ ገቢ፣ «ምንም» የሚለውን ተወው። ጥሩ ናቸው፣ በምትኖርበት አገር የሚሠሩ ከሆነ። ምንዛሪያቸው ብዙ ጊዜ ከባንክ ይሻላል፣ ገንዘቡን ቀድመህ ወደምትሄድበት አገር ገንዘብ ቀይረህ መያዝም ትችላለህ። ግን በወር በነጻ የምታወጣው ገደብ አለው፣ ከዚያ ካለፈ መቶኛ ይቆርጣሉ። የውጭ ምንዛሪ ገበያ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት ለመመንዘር የሚጨምሩም አሉ፣ ስለዚህ ዓርብ ላይ ቀይረህ አስቀምጥ። የማሽኑ ባለቤት ደግሞ ካርድህ የማን እንደሆነ ግድ የለውም። እሱ ክፍያውንም ይጠይቃል፣ ዲሲሲውንም ያቀርባል። ገንዘቡ በዩሮ ሆኖ ካርድህ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ማሽኑ ወደ ሌላ ገንዘብ ቀይሮ ቢቆርጥብህ የሚያስቀው ያ ነው።

ባንኮች የሚሸጡት ቅድመ ክፍያ የጉዞ ካርድ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ለመሙላት ክፍያ፣ ለማውጣት ክፍያ፣ ሳትጠቀምበት ለቆየህበት ጊዜ ክፍያ፣ የተረፈህን ለመመለስ ክፍያ። ታሪፉን አንብበህ ካልሆነ አትግዛ።

መንገደኛው፦

የባንኬን ታሪፍ አሁን ከፍቼ አየሁት። የውጭ ግብይት 2 በመቶ፣ የማውጫ ኮሚሽኑ መቶኛ ሆኖ ወለል አለው። ስለዚህ ከወለሉ በላይ እንዲሆን አድርጌ አወጣለሁ፣ የቀረውን በካርድ እከፍላለሁ፣ ክሬዲቱን ለሱቅ ብቻ። የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። ማሽኑ ከሂሳቤ ቆርጦ ገንዘቡን ባይሰጠኝስ? እዚያ አገር ማንን ነው የማናግረው?

ቆጣሪው፦

የማሽኑን ባለቤት ሳይሆን ያንተን ባንክ ነው የምታናግረው። ውልህ ከእሱ ጋር ነው። እሱ በካርድ መረቡ በኩል ለማሽኑ ባለቤት ይጠይቃል፣ ማሽኑ ውስጥ ትርፍ ገንዘብ መኖሩ ሂሳብ ሲዘጋ ይታያል።

እዚያው ቆመህ ደረሰኝ ካወጣ ያዝ፣ ካላወጣ የማሽኑን ቁጥርና ስክሪኑን በስልክህ አንሳ፣ ሰዓቱንም ያዝ። ያው ማሽን ላይ ደግመህ አትሞክር። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። እስከዚያ ብለህ ግን አትጠብቅ፣ ማመልከቻውን ወዲያው በስልክ ወይም በኢሜይል ላክና የማመልከቻ ቁጥር ተቀበል፣ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ገደብ ስላለው ወደ አገርህ እስክትመለስ አታሳድረው። ማሽኑ ገንዘቡን አውጥቶ አንተ ሳታነሳ ጥቂት ከቆየህ መልሶ ሊውጠው እንደሚችልም እወቅ። ገንዘቡንም ካርድህንም ወዲያው አንሳ፣ ከዚያ ከማሽኑ ፊት ሳትሄድ ቁጠር።

ካርታ አንባቢዋ፦

ካርዱን መጀመሪያ የሚመልስ ማሽንም አለ፣ ገንዘቡን ቀድሞ የሚሰጥም አለ። ገንዘቡን ቀድሞ የሚሰጠው ነው ሰው ካርዱን ረስቶ እንዲሄድ የሚያደርገው።